ዘይት የምትበላዋ መኪና

ሦስት ማዕዘን የሚለውን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። የእሱ ጋራዥና የእኔ የመኪና ኤሌትሪክ ቤት የሚለያዩት በአንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው፤ እሱ ሲያስነጥስ እኔ ከወዲህ ይማርህ እላለሁ፣ እኔ ደንበኛ ላይ ስጮህ እሱ ከወዲያ ይስቃል። ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ፣ ለነገር የማይቸኩል ሰው ነው። የእኔ ቁጣ አፍንጫዬ ላይ ስለሆነ ዝምታውን መጀመሪያ ኩራት አድርጌ ነበር የቆጠርኩት። ኩራት አልነበረም፤ ጆሮው ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ነው። አጠገቡ ቆመህ እያወራኸው፣ በመንገድ ያለፈችው መኪና የትኛው እሳት ጫሪ ካንዴላዋ እንደሰነፈ ይነግርሃል። ያንተን ወሬ ግን አልሰማም።

ስሙ የመጣው ከራሱ መኪና ነው። ገና ሚስት ሳያገባ ከአንድ የተማረረ ሰው ላይ ነው የገዛት፤ ሰውየው ያላሳያት መካኒክ አልነበረም፣ ሁሉም ኮፈኑን ከፍተው አይተው መልሰው ዘግተዋል። የሌላው መኪና ሞተር ውስጥ ፒስተኖች ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳሉ። የእሷ ሞተር ሮታሪ ነው፤ ፒስተን የሚባል ነገር የለውም። በፒስተን ፋንታ ጎኖቹ ያበጡ ሦስት ማዕዘን ብረት ሆዱ ውስጥ ይሽከረከራል። በሦስቱ ጫፎች ላይ እንደ ማስመሪያ የቀጠኑ ማሸጊያ ብረቶች አሉ፤ እነሱ ግድግዳውን እየታከኩ ሲዞሩ ይውላሉ። ደረቅ ከሆኑ አለቀላቸው። ስለዚህ ሞተሩ ከገዛ ዘይቱ በትንሽ ፓምፕ እየቀነሰ፣ በቀጫጭን ቱቦዎች እሳቱ ውስጥ ያንጠባጥባል። ዘይቱ ማሸጊያዎቹን ያረጥብና ከቤንዚኑ ጋር ተቃጥሎ ይወጣል።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ለአንድ ቃል ብዬ ነው። በእኛ ሠፈር መካኒክ ስለ አንድ ሞተር “ዘይት ይበላል” ካለ ለቅሶ ነው። ባለመኪናው ፊቱ ይጠቁራል፣ ሞተር ይወርዳል፣ ኪስ ይራቆታል። ዘይት መብላት የእርጅና ምልክት ነው፤ የምትበላ መኪና ገዢ አታገኝም። ያቺ ግን ካልበላች አትኖርም። እንደዚያ ሆና ነው የተሠራችው።

ታዲያ ምን ትብላ? ክርክሩ እዚህ ላይ ነበር።

ሦስት ማዕዘን ከጥንት ጀምሮ የሚሰጣት ተራውን የሞተር ዘይት ነው። ተራ ዘይት እሳት ሲያገኝ ተቃጥሎ ይጠፋል ይላል፤ ሲንተቲክ የሚሉት በፋብሪካ የተቀመመ ዘይት ግን እሳት እንዲችል ተብሎ የተሠራ ስለሆነ አልቃጠልም ብሎ ጥላሸት ይተዋል፣ ጥላሸቱም ማሸጊያዎቹን ቤታቸው ውስጥ ያጣብቃቸዋል። የሚስቱ ታናሽ ወንድም ሌላ ነው የሚለው። ዋናው መንገድ ላይ የሞተር ዘይት ይሸጣል፤ ምላሱ ስለሚያዳልጥ ቅባቱ እንለዋለን፣ እሱም ስሙን ወዶታል። ለቅባቱ ተራ ዘይት ያለፈበት ነገር ነው። ሮታሪ ሞተር ከሌላው ይልቅ ይግላል፣ ተራ ዘይት በዚያ ሙቀት ይቀጥንና ውሃ ይሆናል፣ ጥላሸት የሚባለው ድሮ የነበረ ጣጣ ነው፣ የዛሬው ሲንተቲክ ንጹሕ ነው ይላል። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው፤ ክርክሩ ያላለቀውም ለዚያ ነው። እኔ ከቆርቆሮው ወዲህ አምፖል እየቀየርኩ ስሰማቸው እስቅባቸው ነበር። ስለ ዘይት ይህን ያህል የሚነታረክ ሰው ሌላ ችግር የለበትም እል ነበር።

ችግሩ የመጣው በሚስቱ በኩል ነው።

ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። ቤታቸው ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው፤ የስፌት መኪናዋ ከመስኮቱ ሥር ስለተቀመጠ መንገዱ ሁሉ ይታያታል። መጀመሪያ ስሞች ጠፉባት። ቀጥሎ የደንበኛ ልኬት ወስዳ የማን እንደሆነ ይጠፋት ጀመር። ካውያውን ጨርቅ ላይ ትታ ጎረቤት ጭሱን አይቶ የገባ ቀን፣ ሐኪም ቤት ወሰዷት። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር አሉ፤ የመርሳት በሽታ መሆኑን፣ መድኃኒት እንደሌለውም በደግነት ነገራቸው። ከዚያ በኋላ ፊቶች ተራ በተራ ሄዱ። የጎረቤቶቹ ሄደ፣ የወንድሟ የቅባቱ አንድ ቀን እየሄደ አንድ ቀን እየተመለሰ ቆየ።

አንድ ጊዜ ሦስት ማዕዘን መኪናዋን ፈታትቶ ጋራዥ አሳደራትና በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። በሩን ገፍቶ ሲገባ ሚስቱ ከወንበሯ ተነስታ ልብሷን አስተካከለች።

“ማንን ፈለጉ?” አለችው።

በማግስቱ ይህን ሲነግረኝ ከቆርቆሮው ወዲያ ሆኖ ነው፤ ፊቱን እንዳላይ ይመስለኛል። ከሁሉ የነከሰው “ፈለጉ” የሚለው ነበር። አንተ እያለች ስትቆጣው፣ አንተ እያለች ስትስቅበት የኖረች ሴት አንቱ አለችው። ስሙን መርሳቷን ችሎት ነበር፤ ይህን አልቻለውም።

መኪናዋን ገጣጥሞ የሄደ ዕለት ግን ሌላ ሆነ። የዚያን ጊዜ አብሬው ነበርኩ፤ የግቢ መብራቱ አልበራ ብሎት ልሠራለት። ሌላ መኪና ዳገት ሲወጣ ያጓራል፤ እሷ እንደ ንብ ቀፎ ነው የምታዜመው፣ በሠፈሩ ሌላ እንዲህ የምትል የለችም። ገና መታጠፊያው ጋ ስንደርስ መጋረጃው ተነቃነቀ። ሞተሩን ሳያጠፋ በሩ ተከፈተ፤ ሚስቱ በነጠላ ጫማዋ ወጥታ ቆማለች።

“አንተ ሰውዬ፣ ሻዩን ስንቴ ላፍላው? ምን ስትጎረጉር ነው የዋልከው?” አለችው።

እሱ መሪውን እንደያዘ ራሱን ነቀነቀ። እኔን ደግሞ ይግቡ ይግቡ አለችኝ፤ አስር ዓመት ልብስ ስትሰፋልኝና ስትጠግንልኝ የኖረች ሴት አላወቀችኝም። ዓይኗ የረሳውን ሰው ጆሮዋ በሞተሩ ድምፅ አገኘው። ቤት ውስጥ ከገባ በኋላ ድምፁ ካመጣው ሰው ጋር ታያይዘውና እስኪነጋ ድረስ ባሏ ይሆናል። ጠዋት ሄዶ ማታ ያለ መኪና ከመጣ ግን እንግዳ ነው። እንደዚህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም፤ ዓይኔ ባያይ ኖሮ አላምንም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ዘይት ሲነታረኩ መሳቄን ተውኩ።

መኪናዋ ግን አርጅታለች። ስትግል አልነሳም ትላለች፣ ዳገቱ ላይ ትደክማለች። ማሸጊያ ብረቶቹ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ተቀይረዋል፤ ሌላ መለዋወጫ የለም፣ ፋብሪካውም መሥራቱን ትቷል። ሦስት ማዕዘን በየሄደበት ጠየቀ፣ ያላስቸገረው ነጋዴ የለም፣ ባዶ እጁን ተመለሰ። ያሉት ብረቶች ያሉት ናቸው። እነሱ እስካሉ ሚስት አለችው፤ እነሱ ሲያልቁ አንቱ ይሆናል። ይህን ማንም አልነገረውም፣ ሁላችንም እናውቀው ነበር።

ቅባቱ አሁን ጊዜው ደረሰ አለ። ሞተሩን የሚገድለው ሙቀት ነው፣ ሲንተቲክ ይቀየርላት፣ ከሱቄ ምርጡን አመጣለሁ፣ ለእህቴ ነው አለ። ለመነው ማለት ይቻላል። ሦስት ማዕዘን ግን ሙጭጭ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ሁለቱን የዘይት ጣሳ ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያያቸው አየሁት። ተራውን በማንኪያ እሳት ላይ አቃጠለ፣ ሲንተቲኩንም አቃጠለ፣ ማንኪያዎቹን ወደ ብርሃን አውጥቶ አገላበጠ። የተራውም ጠቁሯል፣ የሲንተቲኩም ጠቁሯል። እኔ የማውቀው ሽቦ ነው፣ ምን ልበለው? ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

በመጨረሻ ራሱ መጣና በሬ ላይ ቆመ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር።

“ጥላሸት ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው፤ ዓመታት ይፈጅበታል። ሙቀቱ ግን ዘንድሮ ይገድላታል” አለኝ። ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለና፣ “እኔ ደግሞ መኪናዋን የምፈልጋት ሚስቴ እስካለች ድረስ ብቻ ነው። ሐኪሙ ስለ ዓመታት አያወራም” አለ።

ሰው የሚስቱን ዕድሜ ለክቶ ዘይት ሲመርጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። አንጀቴን በላው።

ዘይቱን ወደ ሲንተቲክ ሊቀይር ባሰበበት ጠዋት ሚስቱ ከደረጃው ወድቃ እጇ ተሰበረ። ቅባቱ ከተፍ አለ። እህቴን አንተ በታክሲ ሐኪም ቤት ውሰዳት፣ መኪናዋን ለእኔ ተዋት፣ የእኔ ሠራተኞች ዘይቱን ቀይረው ማታ ተዘጋጅታ ትጠብቅሃለች አለው። ሦስት ማዕዘን ያችን መኪና የሌላ ሰው እጅ አስነክቷት አያውቅም። የዚያን ዕለት ግን ሚስቱ ክንዷን አቅፋ እያቃሰተች ነበር፤ ቁልፉን አውጥቶ ሰጠው።

ቅባቱ በእርግጥ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ማለት አለብኝ። ለእህቱ የሚገባውን ሁሉ አድርጓል። ሠራተኞቹ አሮጌውን ዘይት አፍስሰው አዲሱን ሲሞሉ፣ ከፓምፑ ተነስተው ወደ ሞተሩ የሚገቡትን ቀጫጭን ቱቦዎች አዩ። ቱቦዎቹ ዘይት ይዘዋል፣ ዘይቱ የሚሄደው ወደ እሳቱ ነው። እንግዲህ መኪናዋ ዘይት የምትበላው በዚህ በኩል ነው ተባባሉ። ለቅባቱ ነገሩት፣ እሱም ደስ አለው፤ ካልበላች ትሞታለች የሚለውን ወሬ ለአሮጌ መኪና ማመካኛ ነው ብሎ ስለሚያስብ፣ ስንት ዓመት የሰማው በሽታ የተገኘ መሰለው። ቱቦዎቹን ነቅለው ቀዳዳዎቹን በብሎን ጥርቅም አድርገው ዘጉ። ማንኛውም የእኛ ሠፈር ልጅ ያንኑ ያደርግ ነበር። ዘይት የምትበላን መኪና ማዳን ማለት አትብላ ማለት ነው።

ማታ ቁልፉን ሲመልስ ቅባቱ አፉን ሞልቶ፣ “ጋሼ፣ ከእንግዲህ ዘይት አትበላም” አለው።

ሦስት ማዕዘን የሰማው የነጋዴ ወሬ አድርጎ ነው። የሲንተቲኩን ጥራት እያወደሰ መሰለው። እናመሰግናለን ብሎ ተቀበለው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ጥሩ ነበሩ፤ አሁን ሳስባቸው ነው የሚያመኝ። መኪናዋ ዳገቱን ሳትቃትት ወጣች። ሚስቱ እጇ በጀሶ እንደታሰረ ደጅ ወጥታ ትቆጣዋለች፣ እሱ በማግስቱ ምን ምን ብላ እንደተቆጣችው ይነግረኛል። እንዲያውም አንድ ቀን ሲያፏጭ ሰማሁትና ምን ነካህ ብዬ ጮህኩበት። የዘይት መለኪያዋን ስቦ እያወጣ ያሳየኝ ነበር። በተራው ዘይት ጊዜ በየሳምንቱ ካልጨመረላት ምልክቱ ይወርዳል፤ አሁን ግን ዘይቱ ከተሞላበት ንቅንቅ አላለም።

“አላልኩም? ሲንተቲክ አይቃጠልም ስል አላመናችሁኝም” አለኝ።

ዕድሜ ልኩን የተከራከረለትን ነገር ዓይኑ አየለት። ያችን መኪና ከገዛ ጀምሮ ካልበላች ትሞታለች ሲል የኖረ ሰው፣ መብላት ስታቆም ትክክል ነበርኩ ብሎ ደስ አለው። ይህን ያደረገው አለማወቅ አይደለም። የሚያውቀው ነገር ምክንያቱን ቀድሞ ስለሰጠው ሌላ ምክንያት አልፈለገም። ዘይቱ ተራው ቢሆን ኖሮ፣ በሳምንቱ ምልክቱ አለመውረዱን አይቶ ኮፈኑን ይከፍት ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዳገቱ መሐል ላይ ድምጿ ተሰነጠቀ። የሚያዜመው ነገር ወደ ማንኳኳት ተለወጠ፣ ከዚያ ብረት ብረትን የሚልግ ድምፅ መጣ፣ ከዚያ ዝም አለች። እየገፋን ነው ወደ ጋራዥ የመለስናት፤ ቁልቁለት ስለሆነ አልከበደችንም።

ሞተሩን አውርዶ ሲከፍተው እኔም ሄጄ ቆምኩ። ሆዱን ዘይት ነክቶት የሚያውቅ አይመስልም። ማሸጊያ ብረቶቹ ተበልተው አልቀዋል፣ አንዱ ተሰብሮ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አርሶታል። ሦስት ማዕዘን ጣቱን ጭረቱ ላይ አሳለፈ። ከዚያ የዘይት ቱቦዎቹን መንገድ በጣቱ ተከትሎ ሄደና ብሎኖቹ ላይ ደረሰ። እዚያው ቀረ። ቁጢጥ እንዳለ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ቅባቱ ተጠርቶ መጣ። እኔ አንቄ ልገድለው ነበር፤ ሁለት ሦስት ነገር ብዬዋለሁ፣ እዚህ አልደግመውም። እሱ ነገሩ አልገባውም።

“ጋሼ፣ ዘይት ትበላ ነበር እኮ። አዳንኳት እንጂ ምን አደረግኩ?” አለ።

ሦስት ማዕዘን ብሎኖቹን ፈትቶ መዳፉ ላይ ይዟቸው ነበር። ሳይቆጣ መለሰለት።

“ነግረኸኛል። አትበላም ብለህ በግልጽ ነግረኸኛል። ያልሰማሁህ እኔ ነኝ።”

ቱቦዎቹ ለምን እንደሆኑ ሲያስረዳው ቅባቱ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ አለቀሰ። ለሁለት ቀን ሱቁን አልከፈተም።

ያልተሞከረ ነገር የለም። ብረት በማሽን የሚቀርጽ አንድ የቶርኖ ሠራተኛ አዲስ ማሸጊያ ቆርጦ አመጣ፤ ሞተሩ አንዴ ተነሳና አጓርቶ ጠፋ፣ ደግሞም አልተነሳም። ከቅባቱ ሠራተኞች አንዱ ዘይቱን የቀየሩ ዕለት የመኪናዋን ድምፅ በስልኩ ቀርጾት ነበርና፣ ማታ ቅባቱ ስልኩን ከፍ አድርጎ በቤታቸው በር ሥር አስጮኸው። ሚስትየው ከውስጥ የማን ስልክ ነው የሚጮኸው፣ ዝም አድርጉት እንጂ አለች። ሦስት ማዕዘን በቅባቱ መኪና ሄዶ ጥሩምባ ነፋ፤ መጋረጃው አልተነቃነቀም።

ከሲንተቲኩና ከተራው የትኛው ይሻላት እንደነበር እስከ ዛሬ አናውቅም። ሲንተቲኩ አልገደላትም፤ ከሞተሩ የዘይት ማጠራቀሚያ ወጥቶ ማሸጊያዎቹ ጋ መድረስ እንኳ አልቻለም። አሁንም ጋራዡን የሚረግጥ ሹፌር ሁሉ ይህን ክርክር ይጀምራል፤ ሦስት ማዕዘን መልስ አይሰጥም።

አሁን ማታ በእግሩ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ሰሞን ዝም ብሎ ገብቶ እኔ ነኝ፣ ባልሽ ነኝ እያለ ሊያስረዳት ሞክሮ ነበር። ደነገጠች፤ ጎረቤት ጠራች። የማታውቀው ሰው ቤቷ ውስጥ ባልሽ ነኝ እያለ ሲጠጋት ምን ታድርግ? ያን ማታ ታላቅ እህቷ መጥታ አደረች፣ በዚያው ጠቅልላ ገባች። ሦስት ማዕዘን ፍራሹን ጋራዥ አመጣ። ጠዋት ሱቄን ስከፍት ሳሉን እሰማለሁ፤ ይማርህ እላለሁ።

የተማረው ነገር ቢኖር እንግዳ መሆንን ነው። ሥራ ሲጨርስ እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ይፈገፍጋል፣ የጥፍሩን ጥቁር ሳይቀር ያወጣል፤ ስትቆጣው የኖረችበት እድፍ ነበር። ንጹሕ ጃኬቱን ይለብሳል። በሩ ላይ ማንን ፈለጉ ስትለው፣ ባለቤትዎን ፈልጌ ነበር ይላታል። አልመጣም፣ ገብተው ይጠብቁት ትለዋለች። ገብቶ የእንግዳው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሻይ ትቀዳለታለች፣ ስኳር ስንት ላድርግልዎ ትለዋለች፣ እሱም እንደ አዲስ ይነግራታል።

ከዚያ ስለ ባሏ ታወራዋለች። አንድ ቀን ምን እንዳለችው ጠይቄው ነገረኝ። እሱ ሰውዬ ሞተር ከያዘ ቀን መሄዱን አያውቅም፣ አንድም ቀን ግን ሳይመጣ አድሮ አያውቅም አለችው። በእድሜያቸው ይህን ለእሱ ብላው አታውቅም፤ ለእሱ የደረሰው ቁጣው ብቻ ነበር። እኔ ከቆርቆሮው ወዲህ ሆኜ ሰማሁት።

ሲመሽ እሷ ራሷ ትነሳለች። ባለቤቴ ሳይኖር ማምሸቱ ደስ አይለኝም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ነገ ይምጡ ትለዋለች። እሱም አመስግኖ ይወጣል።

ባለፈው የጃኬቱ ኪስ ሲንቃጨል ሰምቼ የመኪናዋን ቁልፍ አሁንም ይዞ ይዞራል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። የቤቴ ቁልፍ አይደል፣ የት ላድርገው አለኝ። ማታ ዳገቱን ይወጣል፤ በሩን አንኳክቶ፣ ማንን ፈለጉ እስክትለው ቆሞ ይጠብቃል።